ሦስት ክምር ዘይቱን

ስምንት ዓመቴ ሳለ እናትና አባቴ በዘይቱን ለወጡኝ። እንዲህ ብዬ ሳወራ ልጆቼ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ነሐሴ 1974 ነው። ወልድያን ዝናቡ ገና አልለቀቃትም፤ እኔ ደግሞ በየክረምቱ የሚይዘኝ ሳል ይዞኝ ከምድጃው አጠገብ ጋቢ ለብሼ ተቀምጫለሁ። አባ አብዱሰመድ አንድ ቅርጫት ዘይቱን ተሸክመው ገቡ። ሽታው ከሳቸው ቀድሞ ነበር የገባው። የመርሳ ገበሬ ናቸው። አባቴ ደሞዜ ወደ ወልድያ ሳይዛወር መርሳ ግብርና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርና የዘይቱኑን ችግኝ ያመጣላቸው እሱ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ የመጀመሪያው ፍሬ የኛ ነው። በዚያ ቀን ግን ቅርጫቱን ለእናቴ አልሰጧትም። ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጡትና ተነፈሱ።

"ደሞዜ፣ ልጄ አሚና ስምንተኛን አለፈች" አሉ።

"እሰይ! ስንት አመጣች?"

"ዘጠና አራት። ዲሬክተሩ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ግን መርሳ ስምንተኛ ክፍል ላይ በሩን ይዘጋል፤ የወርጌሳው ሰውዬ ደግሞ በሩን ከፍቶ ቆሟል።"

"ባለ በቅሎው?"

"እሱው። ለልጁ ፈልጓታል። 'ትምህርቷን ከቀጠለች እጠብቃለሁ፣ ካልቀጠለች ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ' ብሎኛል። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ልጅቷ ግን አሥራ አራት ዓመቷ ነው።"

ከዚያ ቅርጫቱን ከፈቱ። አባ አብዱሰመድ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሂሳብ ግን በእህል ይሁን በጠጠር እጃቸው የገባውን ሁሉ ደርድረው ያሰላሉ። አንድ ዘይቱን አንድ ብር ሆነ። የወር ወጪ ነው የሚቆጠረው።

"ይቺ ደሴ" አሉና መደርደር ጀመሩ። "የቤት ኪራይ አሥር። ምግብ አሥራ አራት። ለመኪና ሦስት። ሳሙና፣ ጋዝ..." ክምሩ እየተንከባለለ አስቸገረ፤ አባቴ በሁለት እጁ ከበበው። "ይቺ ደግሞ ቆቦ። የሚስቴ የዘይነባ እኅት አለች፣ ኪራይ የለም፣ ምግብ የለም።" ምንም ሳያስቀምጡ ቆዩ።

"ታዲያ ቆቦ ነጻ ናት በላ!" አለ አባቴ።

"ሦስት ሕፃናት አሏት። አንዱን አዝላ አንዱን ስታጥብ የኔ ልጅ ደብተር የምትይዝበት እጅ ከየት ታመጣለች?" አሉና በሁለት እጃቸው ዝቀው ቆጠራ የሌለው ክምር አፈሰሱ። "የሷ ዋጋ ይኼ ነው።"

ወልድያ ከሁሉ አነሰች፤ አሥራ ዘጠኝ ፍሬ። አባ አብዱሰመድ ከዚያ ላይ አሥሩን ለይተው ወደ ደረታቸው ሳቡ። "ያለኝ ይቺ ናት" አሉ። ዘጠኙ ዘይቱን ማዶ ቀረ። ሁለቱም ዘጠኙን ፍሬ ያዩ ጀመር። እኔም አየሁ፤ የማየው ግን አንዱ የበሰለ ስለነበር ነው።

አባቴ ድንገት የወልድያን ክምር በክንዱ ጠርጎ ወደ ቅርጫቱ መለሰው።

"ምን አደረግህ?"

"ወልድያ ምንም አታስወጣም። እኛ ቤት ትቀመጣለች።"

"ወላሂ አይሆንም! ልጄን ለምጽዋት አልሰጥም።"

"ያንተን ዘይቱን ስበላ ስንት ዓመቴ ነው? አንድ ቀን ከፍዬህ አውቃለሁ?"

"ፍሬና ልጅ አንድ ነው እንዴ፣ ደሞዜ? ልጅ እኮ አራት ዓመት ትበላለች!"

እናቴ ሸጊቱ ከጓዳው ደጃፍ ሆና አንድ ነገር አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለነበር የሰማሁት "ይቺ ልጅ" የሚለውን ብቻ ነው። አባ አብዱሰመድ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"እንግዲያው ልጅ ስጠኝ" አሉ። "አንዷን ታኖርልኛለህ፣ አንዷን አኖርልሃለሁ። ያን ጊዜ ሂሳቡ ይዘጋል።"

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። አባ አብዱሰመድ ከቅርጫቱ ያንን የበሰለውን ፈልገው አንስተው ሰጡኝ። በላሁት። ዋጋዬን እየበላሁ እንደሆነ የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሊሄዱ ሲነሡ አንድ ነገር ቀርቷቸው ተመለሱ። "ሸጌ፣ ዘይነባ የላከችብሽ ቃል አለ። 'ልጄን ስለ እምነቷ አልሠጋም፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። ብቻ የክርስቲያን ሥጋ ቀመሰች ሲባል የሰማሁ ዕለት፣ ያኔውኑ አመጣታለሁ። የወርጌሳውንም ሰውዬ እሺ እለዋለሁ' ብላለች።"

"በእመቤቴ፣ በኔ ይሁንባት በላት" አለች እናቴ።

ይህችን ቃል በደንብ አድርጌ ያዝኳት። ልጅ የማይገባውን ነገር አይጥልም፤ ያስቀምጠዋል።

አሚና መጣች። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ደብተሮቿን በአሮጌ ሻሽ የጠቀለለች። በማግስቱ አባቴ የሷን መሸኛ ይዞ ቀበሌ ሲሄድ አስከተለኝ። በዚያ ዘመን ስኳርና ሳሙና በቀበሌው ሱቅ በካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ ስሙ የሌለ ሰው በከተማው ውስጥ የለም ማለት ነው። ጸሐፊው ካርዳችንን ገለጠና "አንድ ሰው ካልወጣ አንድ ሰው አይገባም" አለ። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ጸሐፊው በቀይ እስክሪብቶ ደስታነሽ ደሞዜ የሚለው ላይ መስመር አሰመረ። ሥሩ አሚና አብዱሰመድ ብሎ ጻፈ። ማንበብ የቻልኩበት ዓመት ነበር፤ ባልቻልኩ ይሻለኝ ነበር።

ወደ መርሳ የሚወርደው አውቶቡስ መስኮት ላይ ተለጥፌ አላለቀስኩም። እናቴ እያለቀሰች ስለነበር ተናድጄባት ነው። "ሸጠሽኝ ደግሞ ታለቅሻለሽ" ብዬ በልቤ።

መርሳ ሞቃት ናት። ጠዋት ጠዋት በቦዩ ውኃ ይወርዳል፤ ዋኖሶች ዘይቱኑ ውስጥ ያንጎራጉራሉ። እማ ዘይነባ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲጠሩኝ "የኔ ዓለም" የሚሉኝ ሴት ነበሩ። ከራሳቸው ልጅ ከረሂማ ቀድሜ ወተት እጠጣለሁ፤ ከረሂማ ቀድሜ ፀጉሬ ይሠራል። ረሂማ እኩያዬ ናትና ይህን ዝም ብላ አላለፈችውም።

"አንቺኮ በአሚና ተለውጠሽ ነው የመጣሽው" አለችኝ ቦዩ ዳር።

"አውቃለሁ" አልኳት።

"አሚና ዘጠና አራት አምጥታለች። አንቺስ?"

ሦስተኛ ክፍል ገና መግባቴ ነው። ምን ልበላት?

በዚያ ዓመት መስቀልና ዓረፋ ተከታትለው ዋሉ። ለመስቀል እማ ዘይነባ የማሽላ አገዳ አስረው፣ አደይ አበባ ሰክተውበት፣ ግቢያቸው መሃል ተከሉልኝና "የናንተን ዘፈን እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ምሪን" አሉኝ። ረሂማና ሦስት የጎረቤት ልጆች እየተከተሉኝ "ኢዮሃ" አልን። ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ዓረፋ ሆነና ሁሉም ሰው ነጭ ለብሶ ወደ አባ አብዱሰመድ ወንድም ግቢ ሄደ። እኔን አልወሰዱኝም። እማ ዘይነባ ብቻ አብረውኝ ቀሩ፤ እንቁላልና ማር አቀረቡልኝ። ከዚያኛው ግቢ የጥብስ ሽታ በአጥሩ ላይ እየዘለለ ይመጣል። ረሂማ ስትመለስ እማ ዘይነባ ደጅ ላይ አስቁመው እጇን በሳሙና አሳጠቧት፣ አፏን አስጉመጠመጧት፣ ከዚያ ነው ወደ ቤት ያስገቧት።

እንግዲህ ይህን ያየ ልጅ ምን ይላል? ደብቀውኝ በሉ አልኩ። ከዚያ ወዲያም ያ ቤት ሥጋ አያውቅም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እርጎ፣ እንቁላል። ድሆች ናቸው፣ ያቺኑ ትንሿን ሥጋም ከኔ ይሸሽጋሉ ብዬ ደመደምኩ።

ሳሌ ግን ጠፋ። መቼ እንደጠፋ አላስተዋልኩም። እናቴ ከጓዳው ደጃፍ ያለችው ምን እንደነበረ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር "ይቺ ልጅ ሌላ ክረምት ወልድያ ብርድ ላይ ካሳለፈች ለሳንባዋ እፈራለሁ" ብሏት ኖሯል። ለካስ ሂሳቡን የዘጋው ያ ነው። ለልጅ ግን ማን ይህን ይነግራል? ነግረዋት ብትፈራስ?

ታኅሣሥ ሲያልቅ ገናን ቤቴ ውዬ እንድመለስ ተወሰነ። የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ እማ ዘይነባ ዘይቱኑ ጥላ ሥር በጉልበታቸው መሃል አስቀምጠው በቅቤ ፀጉሬን ይሠሩኝ ነበር። ረሂማ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዘንግ ትልጣለች።

"ገናን በልተሽ ትመለሻለሽ" አለች። "አሚና ናት እዚያ የምትቀረው። አልጋሽም የሷ ነው፣ እናትሽም የሷ ናት።"

"አንቺ ምላሰኛ!" አሏት እናቷ።

ያን ጊዜ ነው ያስቀመጥኳትን ቃል ያወጣኋት።

"አሚና እኮ እኛ ቤት ሥጋ ትበላለች" አልኩ።

በፀጉሬ ውስጥ ስትሄድ የነበረችው ጣት ቆመች።

"ምን አልሽ የኔ ዓለም?"

"ከእናቴ ድስት። ጥቅምት ላይ አባቴ ሊያየኝ ሲመጣ ነግሮኛል።"

"ያረቢ" አሉ እማ ዘይነባ። ጉንጉኑን ግን አላቋረጡም፤ እስከ መጨረሻው ሠርተው ጫፉን አሰሩልኝ። የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ፣ እያስቀየምኳቸውም እጃቸው ሳይከብድብኝ መጨረሳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በማግስቱ አባ አብዱሰመድ ብቻቸውን አልወሰዱኝም። እማ ዘይነባም ነጠላቸውን ለብሰው፣ ባዶ ጆንያ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ተነሡ። ጆንያው የአሚና ልብስና ደብተር የሚመለስበት ነው። አውቶቡስ ውስጥ አባ አብዱሰመድ ሙስበሐቸውን እየቆጠሩ አንዴ ብቻ ወደኔ ዘወር አሉ።

"ደስቱ፣ ደሞዜ በአፉ ነገረሽ?"

"አዎ።"

"ደሞዜ አይዋሽም" አሉና ወደ ሙስበሐቸው ተመለሱ። ቃሉ ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤ ከሳሉ ይልቅ እሱ ነበር ትንፋሽ ያሳጠረኝ።

ወልድያ ገና ገና ሸታለች። ከየቤቱ ቅቤና ቁሌት፣ ከየደጁ የበግ ቆዳ። የኛ ቤት ግን ምንም አይሸትም። እናቴ ስታየኝ ጮኸች፤ አቅፋ አሽከረከረችኝ፤ "ሳሏስ? እስቲ ተንፍሺ!" ብላ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች። አባቴ አባ አብዱሰመድን አንገት ለአንገት ተሳሳመ። አሚና ከውስጥ የጂኦግራፊ ደብተር ይዛ ወጣች፣ ገጹ እንዳይጠፋባት አውራ ጣቷን መሃል አስገብታ። የእናቷን ብብት አየች። ጆንያውን አየች። እዚያው ግድግዳው ጋ ቆመች።

እማ ዘይነባ ሰላምታ አላስረዘሙም። ያለ ወትሯቸው፣ ሳይጠይቁ፣ በቀጥታ ጓዳ ገቡ። እናቴ ግራ ገብቷት ተከተለቻቸው፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ። እማ ዘይነባ የድስቱን ክዳን አነሡት። አሸተቱ። ጎንበስ ብለው እንደገና አሸተቱ። አይብና ጎመን ነበር። ሌላውን ከፈቱ፤ እንቁላል በሽሮ።

"ሸጌ" አሉ። "ዛሬ ገና አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ።"

"ታዲያ በጉስ? ዶሮውስ?"

እናቴ እንደ ሌባ አፈረች። በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ሰሃን ልትዋስ ብቅ ብላ ኖሮ ከኋላችን ሳቀች። "የምን በግ? ሸጊቱ ከሰለመች አራት ወሯ ነው! መስቀልን በሽሮ፣ ገናን በጎመን! ባሏ ሥጋ ሲያምረው እኔ ቤት እየመጣ አጥሩ ሥር ቆሞ ይበላል፣ ከዚያ እጁን ታጥቦ እንደ ጥፋተኛ ይገባል።"

"ዝም በይ አንቺ!" አለች እናቴ። ከዚያ ወደ እማ ዘይነባ ዞረች። "መጀመሪያ ሁለት ድስት ላደርግ አስቤ ነበር፣ ዘይኑ። አንዱ የኛ፣ አንዱ የሷ። በኋላ ሳስበው ልጅ በየቀኑ ሁለት ድስት እያየች 'እንግዳ ነኝ' ብላ ሆዷን ባትሞላስ? ድስቱን በአሸዋ ፈትጌ አንድ አደረግሁት። ሥጋው ይቅር። ይቅር እንጂ፣ እኛ ጾም ለምደናል።"

እማ ዘይነባ የድስቱን ክዳን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ከዚያ እየሳቁ አለቀሱ።

"አብዱ! ና ስማ! ና ጉድህን ስማ!"

"ምን ሆንሽ?"

"ሸጊቱም እንደኔው! ይቺ ልጅ ከመጣች ጀምሮ የኔም ድስት ሥጋ አላየም! የዓረፋውን ሳንጋ ወንድምህ ግቢ አላሳረድኩህም? ረሂማን ደጅ ላይ አላሳጠብኳትም? እኔ ራሴ እኮ አልቀመስኩም፣ ልጅቷ ብቻዋን እንዳትቀር ብዬ!"

አባ አብዱሰመድ አባቴን አዩት። አባቴ አባ አብዱሰመድን አየ።

"አራት ወር" አሉ አባ አብዱሰመድ በቀስታ። "አራት ወር ሙሉ ሁለት ቤት ሰው ሽሮ ሲጠጣ! ያ አላህ፣ ይኼን ወጪ ማን በዘይቱን ይቆጥረው?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። የሚመጣውን አውቄዋለሁ።

"ቆይ እስቲ" አሉ እማ ዘይነባ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ታዲያ አንተ ደሞዜ፣ 'አሚና ሥጋ ትበላለች' ብለህ ለልጅቷ ለምን ነገርካት?"

"እኔ?" አለ አባቴ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ነሐሴው ቀን። ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "ስሜን በቀይ ሰርዛችሁ የሷን ጻፋችሁ! በዘይቱን ለወጣችሁኝ! አልጋዬንም ሰጣችኋት! ሥጋ ስትበሉም ደበቃችሁኝ!" ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፣ የማንኛው ቤት በደል እንደሆነ ሳልለይ።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫዋ እስከ ጥምቀት አልለቀቀኝም። እዚያው ላይ ደግሞ አቀፈችኝ። አባቴ ካርዱን ከኪሱ አወጣና እያየው ቆየ። "ይኼ እኮ ስኳር ነው፣ ልጄ" አለ። "ስኳር ብቻ ነው።" ድምፁ ግን ልክ አልነበረም።

አባ አብዱሰመድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ሂሳቡ ተዘጋ አልኩ እንጂ ልጅ በግድ እይዛለሁ አላልኩም። ደስቱ እዚህ ልቅር ካለች ትቅር። እኔ ግን ልጄን ያለ ለውጥ ሰው ላይ አልጥልም። ይህን ደሞዜም ያውቃል።"

አሚናን አየኋት። አልለመነችኝም። አላለቀሰችም። ደብተሩን እንደያዘች ናት፤ አውራ ጣቷም ገጹ መሃል ነው። ገጹን ልትዘጋው ይሁን ልትቀጥለው የምትጠብቀው ከኔ አፍ ነበር፤ ይህ ስምንት ዓመት ለሆነው ሰው እንኳን ይገባል።

"መርሳ እሄዳለሁ" አልኩ። "ሳሌ እንዳይመለስ።"

ለአሚና ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን የዚያች ሳትከብድ ጉንጉኔን የጨረሰች እጅም ነበረችበት። እማ ዘይነባ ያንን ባዶ ጆንያ ዘርግተው እናቴ ያስቀመጠችልኝን ሹራብ፣ ዳቦና ሁለት ደብተር ከተቱበትና "ባዶ ይዤ ልመለስ ኖሯል?" አሉ።

በዚያ ቀን ወንዶቹ ሁለቱም ቤት ሁለት ሁለት ድስት እንዲገዛ ወሰኑ። ሴቶቹ እሺ አሉ። አልገዙም።

አሚና አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አባ አብዱሰመድ ያን ክረምት እንደገና ቅርጫታቸውን ተሸክመው መጥተው አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን፣ ዓለማያን ሊደረድሩ ተቀመጡ። አባቴ "መኝታውም ምግቡም የመንግሥት ነው፤ የመኪናዋን ብቻ ቁጠር" አላቸው። ሦስቱንም ከተማ ደርድረው ሲያበቁ ቅርጫቱ አልጎደለም። አላመኑም፤ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ከዚያ የተረፈውን ሁሉ ለእናቴ ሰጧት። እሳቸውንም እማ ዘይነባንም ነፍስ ይማር፤ አላህ በጀነት ያኑራቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሚና ደወለችልኝ። ልጇ፣ ትንሿ ዘይነባ፣ እኔ ወዳለሁበት ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። "ዶርም አላት፣ ምግብ አላት፣ እንዳትቸገሪ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ዓይንሽን ጣይባት" አለችኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ወደ ጓዳ ገብቼ ትልቁን ድስት አወጣሁ፤ ደጅ ተቀምጬ በአሸዋ እፈትገው ጀመር።

ባለቤቴ ግርማ ከሥራ ሲገባ አየኝ። ቆም አለ፤ በጣቱ ወር ቆጠረ።

"የምን ጾም ነው የገባው?" አለኝ።

"አራት ዓመት ነው" አልኩት። "ሥጋ ሲያምርህ ጎረቤት ሂድና አጥሩ ሥር ቆመህ ብላ።"